በሁዳዴ ያዜምናት ቆቂት

ወንድሜ ፈንታ ስለ ጣሊያን ዘመን በሰው ፊት ሲያወራ «ሳሌን በወንድነቴ ዋጥሁት» ይላል። ዋጠ! እኔ አፌ አረፋ እስኪደፍቅ መጮሄን ማን ያንሣው? ፊደል ያልቆጠረች ሴት አይታም እንዳላየች ናት።

ሁዳዴ ነበር። ይጁቤ አጠገብ ካለው ቤቴ እኔ፣ ወለላ፣ የብርጓልና ታየች፣ አራት ሴቶች ሆነን ለፋሲካ ሸማ ጥጥ እንፈትላለን። ፈንታ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ሰንብቶ ሳል ይዞት መጥቷል። እህል ጉድጓድ ውስጥ ከትቼው፣ ቁርበት ደርቤበት፣ እላዩ ላይ ተቀምጫለሁ። ከተገኘ ገበያ መሀል ይሰቀላል።

ባንዳው አለበል ሁለት ወታደር አስከትሎ በበሩ ብቅ ሲል፣ ከሥሬ ጉሮሮ ሲከረከር ሰማሁ። እንዝርት ድምፅ የለው፣ በምን ልሸፍነው? በጾም ከበሮ አይመታ፣ አይጨበጨብ። አፌ ያገኘውን ያዘ፦

«ቆቂት ቆቅን ጠራች፣
ቆቅ ለቆቂት ቀረች፣
ቆቅ፣ ቆቅ፣ ቆቅ!»

ሴቶቹ ገባቸውና ተቀበሉኝ። በልጅነታችን እንደምንጫወተው ነው፤ ዙሩ ይፈጥናል፣ የተሳሳተች ትወጣለች። ሳሉ ሲመጣ «ቆቅ» እያልን እንጮህበታለን።

«በሁዳዴ ዘፈን? እናንተ ክርስቲያን ናችሁ?» አለ አለበል።

«አንተ ደግሞ ስለ ክርስትና ጠያቂ ሆንህ?» አልሁት።

ጎታውን በሰደፍ እየመታ ዞረ። ወለላ ተንተባተበች፣ ወጣች። የብርጓልም ወጣች። ታየችን ትን አላት። ብቻዬን ቀረሁ፤ ምላሴ እንደ ጫማ ደረቀ።

አለበል ፊቴ ቆመ። «ወለተ ኪዳን፣ ተነሺ። ቁርበቱ ይነሣ።»

ልቤ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች። አፌ ግን አልወደቀም።

«አንድ ዙር ሳትሳሳት ካወጣህ እነሣለሁ። ወይስ ጠመንጃ ይዘህ ሴት ትብለጥህ?»

ወታደሮቹ በክርን ተጎሻሸሙ። እሱም ደረቱን ነፋ።

«ቆቂት ቆቅን ጠረች፣ ቆቅ ለቆቆት... ቆረቀች...»

ወታደሮቹ ሆዳቸውን ይዘው አሽካኩ። እኛም አብረን። በዚያ ሁሉ ሳቅ ሥር ፈንታ የልቡን ሳለ። አለበል ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ «እብድ!» ብሎኝ፣ ወታደሮቹንም እየገፈታተረ ወጣ።

ወዲያው የፈንታ ራስ ቁርበቱን ገፋው። «ሄዱ? ልውጣ?»

በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ከደጄ በታች ካለው ምንጭ ዘንድ ቆመዋል። አለበል ዞሮ ቤቴን ያያል፤ አንድ እግሩን ወደኛ አነሣ።

«ግባ አንተ! ወለላ፣ ውኃ ተጎንጪና ተነሺ! እንዝርታችሁን አንሡ፤ ከመጀመሪያው፣ ጮክ ብላችሁ!»