የኬልዊን ውሃ

ግሌን ሃልቮርሰን የሰደበኝ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት ሁለተኛው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የበረዶ አዳራሹ ወጥ ቤት በር ላይ ነው። ያን ሰማያዊ ኮፍያውን አድርጎ ነበር። ሃያ ሁለት ሰው ይሰማ ነበር፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።

«ዋልት፣ የከተማህን ውሃ የምትጸየፍ ከሆነ እዚያው ብሬሞር ሄደህ ኑር! ውሃ ለማፍሰስ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል? አንተም ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ችለኸዋል።»

ሰዉ ሳቀ። ወጥ ቤቱን የምትይዘው ሎሬይን ብቻ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

ከተማችን ኬልዊን ውስጥ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ ባቡሩም አይቆምም። የቀረን ይህ አዳራሽ ነው፤ በብርዱ ወራት በረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተትን፣ ፊት ፊቱን በመጥረጊያ እየጠረግን የምንጫወትበት። ጣሪያውን ያቆመው አባቴ ነው፤ ስሙ ከበሩ በላይ ባለው እንጨት ላይ ተቀርጿል። በረዶውን ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት እኔ ነኝ።

የጉድጓዳችን ውሃ ብረትና ጨው ይበዛበታል። ለመጠጥ ለምደነዋል፤ በረዶ ሲሆን ግን ቡናማ ይሆናል፣ ድንጋዩንም ይይዛል። ስለዚህ በየዓመቱ ፒካፔ ላይ ሮቶ ጭኜ ንጹሕ ውሃ ከብሬሞር አመጣ ነበር። ከየት እንደማመጣው ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ በረዶው ሲያበራ «የኬልዊን በረዶ!» ብለው ይኮራሉ፣ አለቀ። ግሌን ከንቲባ ሲሆን «የኬልዊን ነገር ከኬልዊን» የሚል ጽሑፍ በየሱቁ መስኮት አስለጠፈ። በዚያው ሰሞን አንዱ መኪናዬን ብሬሞር ቧንቧ ሥር ቆሞ አየው። ብሬሞር ማለት ደግሞ ከእኛ ጋር አርባ ዓመት ዋንጫ ስትነጣጠቅ የኖረች ከተማ ናት።

«ግሌን፣ በዚህ ውሃ በረዶ አይሠራም» አልኩት፤ ስድቡ የመጣው ያኔ ነው። የአዳራሹን ቁልፍ ተቀበሉኝና ለግሌን አማች ለዱዌይን ሰጡት።

አምና ከመጡት ቡድኖች ግማሾቹ በዱዌይን በረዶ ተማርረው ዘንድሮ አንመጣም አሉ። የአዳራሹ ማኅበርም ወሰነ፦ የየካቲቱ ውድድር ካልተሳካ አዳራሹ ለዘለዓለም ይዘጋል። ሎሬይን በየከተማው እየደወለች፣ እየለመነች፣ አሥራ ስድስት ቡድን አመጣች።

የውድድሩ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ከተመልካቾች መስታወት ጀርባ ቆምኩ። ዱዌይን በረዶው ላይ የሙቅ ውሃ ጠብታ ይረጫል። ድንጋዩ የሚንሸራተተው በነዚያ ቀዝቅዘው በሚረጉ ጠብታዎች ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰው እየረጨ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ይኸኛው ወደ ፊት ይሄዳል፤ የረጨውን ራሱ ይረግጠዋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ትልቅ ባነር፦ «በራሳችን ውሃ፣ በራሳችን እጅ»።

የመጀመሪያው ድንጋይ መሀል ሜዳ ላይ ቀጥ አለ። ሁለተኛውም።

«ምነው፣ በረዶውን አስፋልት አድርጋችሁታል እንዴ?» አለ አንድ የብሬሞር ሽማግሌ።

ከኛ ሰው የሳቀ የለም። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አንዱ ቡድን መጥረጊያውን ጭኖ ሄደ። የሎሬይን ሾርባ በሁለት ትልልቅ ድስት እንደሞላ ቀረ።

«ዋልትዬ፣ አንድ ነገር አድርግ እንጂ» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። እሷን ብረዳት ደስ ባለኝ። በረዶውን ልጦ እንደገና ለመሥራት ግን አሥር ቀን ይፈልጋል።

ወጥቼ መኪናዬ ጋ ስደርስ ግሌን በሩጫ ደረሰብኝ። ኮፍያው ያው ሰማያዊው ነው።

«ዋልት፣ ወንድሜ፣ አንድ ሮቶ ብቻ! ከፈለግህ ከብሬሞር አምጣው፣ ማን ያያል? ለነገ ይደርሳል አይደል?»

ለነገ! ሁለት ዓመት ሙሉ በረዶ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም።

«ትሰማኛለህ? አባትህ የሠራው ቤት እኮ ነው! ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? የኬልዊን ልጅ አይደለህም እንዴ?»

ሃያ ሁለቱ ባይሞሉም ከኋላው ሰዎች ቆመው ነበር። ቀና ብዬ የአባቴን ስም አየሁ፤ ሦስተኛውን ፊደል በረዶ ሸፍኖታል። የኮቴን ቁልፍ እስከ አንገቴ ቆለፍኩ፤ ውሃ ያመላለስኩበትን መኪና እዚያው ትቼ በእግሬ ወደ ቤቴ መንገድ ጀመርኩ።