ሀጅ ኑዕማን ግሩፑን የዘጉ ጊዜ

ሀጅ ኑዕማን ሱዳን ውስጥ፣ ገላባት አጠገብ ያለውን የሰሊጥ እርሻቸውን፣ ገዳሪፍ ካለው ሱቃቸው ሳይነሡ፣ በዋትሳፕ ያስተዳድሩ ነበር። መሪ ከሠራተኛው አይለይም የሚል ቪዲዮ አይተው ነው ግሩፑን የከፈቱት። «አንድ ቤተሰብ» አሉት። ከዚያ ወዲህ እርሻው አካባቢ ድርሽ አላሉም።

«ሥራ በግሩፕ ነው። ስልክ አትደውሉ» አሉ በድምፅ መልእክት። «እኔ ‹ይታጨድ› ሳልል ማጭድ ያነሣ፣ አገሩ ይግባ።»

ሠራተኛው ታዘዘ። ኔትወርክ የሚገኘው የውሃ ቦቴው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም በተራ ይወጣል፣ ቤተሰብ ይሆናል፣ ይወርዳል።

ነገሩን ያበላሸችው ወጥ ሠሪዋ ሐመልማል ናት። ሀጅ ስለ ትዕግሥት ረጅም ድምፅ ሲልኩ፣ «ሽንኩርት አልቋል» ብላ ትጽፋለች። ስለ አንድነት ሲልኩም «ሽንኩርት አልቋል»። ሀጅ ተቆጡና ግሩፑን ዘጉት። ከእንግዲህ የሚናገሩት እሳቸው ብቻ፤ ሌላው ከመልእክታቸው ሥር የፊት ምስል ከመለጠፍ በቀር አንዲት ቃል መጻፍ አይችልም።

ሰሊጡ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። ሰሊጥ ደግሞ ፈቃድ አይጠብቅም፤ ካለፈበት ተሰንጥቆ መሬት ላይ ይረግፋል። የረገፈ ሰሊጥ አጫጅ አይሻም። አጫጆቹን ሥራ አለ ብሎ ከቋራ ያመጣቸው፣ እንዳለው የሚባል የእርሻው ወኪል እንቅልፍ አጣ። ሀጅ ዘንድ ቢደውል አይነሣም።

«አንተ ወኪል፣ እንጨደው እንጂ!» አሉት አጫጆቹ።

«ባሳጭደው እሳቸው ያባርሩኛል። ባላሳጭደው እናንተ ትበሉኛላችሁ።»

በማግስቱ ሀጅ ፎቶ ለጠፉ። ግቢያቸው ውስጥ፣ ሴራሚኩ ላይ ቆመው፣ የገለባ ባርኔጣ ደፍተው፣ ማጭዱን በስለቱ በኩል ጨብጠው። «ከጎናችሁ ነኝ» ይላል።

ቦቴው ላይ ወጥቶ ፎቶውን ያየ ሁሉ ሳይወድቅ የወረደው በእግዜር ቸርነት ነው። መጻፍ ክልክል ስለሆነ፣ እንባው እስኪፈስ የሚስቀውን ፊት እየለጠፈ ወረደ። እንዳለውም ጭንቀቱን ረስቶ ለጠፈ።

ሀጅ ሱቃቸው ሆነው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ሣቁን አላዩትም። እንባውን አዩ። እርሻው በሙሉ ያለቅሳል።

በነጋታው ጠዋት አንዲት ፒክአፕ እርሻው ዳር ቆመች። ሀጅ ስኳር፣ ዱቄትና አንድ ጆንያ ሽንኩርት አስጭነው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወረዱ። ለቅሶ በዋትሳፕ አይደረስማ።

«አላህ ያጥናችሁ ልጆቼ። ማን ነው የሞተባችሁ?»

ሁሉም ወደ እንዳለው ዞረ። እንዳለው የሀጅን እጅ ይዞ ሰሊጡ ውስጥ አስገባቸው። አንዷን አገዳ ዘንበል አድርጎ ነካ አደረጋት። ፍሬው ጫማቸው ላይ ዘነበ።

«ገና አልሞተም ሀጅ። እያጣጣረ ነው።»

ሀጅ ጫማቸውን ትክ ብለው አዩ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«በየት በኩል?» አለች ሐመልማል። የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች።

ሀጅ ስልካቸውን አውጥተው «ይታጨድ» ብለው ጻፉ። አልሄደም። ወደ ሰማይ ዘረጉት። አልሄደም።

«ቦቴው ላይ ነው» አላቸው እንዳለው፣ በአክብሮት።

ወጡ። እሳቸው ከላይ ስልካቸውን ሲያወዛውዙ፣ አጫጆቹ ከሥር ማጭድ ይዘው አንጋጠው ይጠብቃሉ።

«ሀጅ!» ብላ ጮኸች ሐመልማል። «አፍ የለዎትም እንዴ?»

ሀጅ ጥቂት አሰቡበት።

«ያላ!» አሉ ከቦቴው ላይ። «እጨዱ!»

መልእክቱም በኋላ ሄዷል። ሁሉም ማሳው ውስጥ ስለነበር፣ ፊት የለጠፈበት የለም።