የዘጠነኛው ሰው እጅ

የማዘጋጃ ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ በዚህች ምድር ላይ አቻ አልነበረውም። ሌላው ጸሐፊ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ይጽፋል፤ ቢፈጥን ቢፈጥን ሰው እየተናገረ ይጽፋል። እሱ ግን ከስብሰባው በፊት ነበር የሚጽፈው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ማን ምን እንደሚል፣ ማን ማንን እንደሚደግፍ፣ ስንት እጅ እንደሚወጣ ከዋዜማው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ያድራል። የእጅ ጽሑፉማ አይነሳ! ፊደሎቹ ተሰልፈው ሲቆሙ የክብር ዘብ ያፍራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በዋዜማው የፓርቲው የከተማ ሰብሳቢ፣ የምክር ቤቱም ሰብሳቢ የሆነው ሰው፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤቱ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ይመጣል። አፉ ስለሚጣፍጥ ሰው ከጀርባው «ሽሮፕ» ይለዋል። ቁጭ ብሎ ነገ የሚወሰነውን ያስጽፋል፣ ይሄዳል። ምክር ቤቱ ዘጠኝ ሰው ነው፤ አምስቱ የፓርቲው፣ አራቱ የሌላኛው ፓርቲ። አራቱ ሁልጊዜ ተናደው ረግጠው ይወጣሉ፣ አምስቱ ሁልጊዜ እጃቸውን ያወጣሉ። ፊርማም አያስቸግርም። አምስቱ በዓመቱ መጀመሪያ አሥራ ሁለት ባዶ ወረቀት ላይ በአንድ ቁጭታ ፈርመው ይገላገላሉ።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሽሮፕ ያስጻፈው ግን ከሌላው ጊዜ የከበደ ነበር፤ የከተማው ወሰን ወንዙ እንዲሆን። ከወንዙ ወዲያ ያለው ታችኛው ሰፈር ነው። ታችኛው ሰፈር ከተፈጠረ ጀምሮ ፓርቲውን መርጦ አያውቅም። ወሰኑ ወንዙ ከሆነ ሰፈሩ ከከተማ ይወጣል፣ ከከተማ ከወጣ አይመርጥም። በቃ።

ጸሐፊው ማኅተሙን እያሳረፈበት ሳለ ቀያሹ ገባ። ቀያሹ የእህቱ ባል ነው፤ የምክር ቤት አባል፣ የፓርቲውም አምስተኛ ሰው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የከተማዋን ወሰን በገዛ እግሩ እየረገጠ የለካ ሰው ነው። ያን ጊዜ የተራመደው እርምጃ ቢቀጣጠል ዓለምን ሁለት ጊዜ ዞሮ ለምሳ ቤቱ ይደርስ ነበር ይባላል። አንድ ክፉ አመል ነበረው፤ የተቀመጠበትን ወንበር ያናውጣል። በስብሰባ አዳራሹ ከመስኮቱ ሦስተኛ ያለው ወንበሩ ቀኑን ሙሉ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ሲል ይውላል። ሲቆጡት «ወለሉ ሁለት ሴንቲሜትር አዘንብሏል፤ እኔ ምን ላድርግ?» ይላል።

ወረቀቱን አንሥቶ አነበበ።

«እኔ እጄን አውጥቻለሁ እንዴ?»

«ጋሼ ደግሞ! ገና ነገ ነው የምታወጣው።»

«የኔ ቤት የት ነው?»

«ታችኛው ሰፈር።»

«ታዲያ የገዛ ቤቴን ከከተማ ላስወጣ?» ሳቀ። ሲስቅ ደረቱን ያዝ አደረገ። «ስማ፣ ነገ እመጣና ይቺን ወረቀት በገዛ እጅህ አስቀድድሃለሁ። የኔ እጅ ከወጣ ለተቃውሞ ነው የሚወጣው።»

አልመጣም። የዚያን ዕለት አመሻሽ ደረቱን አመመው፤ ሚስቱ በሰው መኪና ጎረቤት ከተማ ሆስፒታል ወሰደችው፤ ገና ሳይነጋ ሞተ። እሷም በድንጋጤ ስልኳን ቤት ጥላ ስለነበር የሄደችው ለማንም አልደወለች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። አራቱ ረግጠው ወጡ። ሽሮፕ ባዶውን ወንበር አየና «ቀያሹ ዘግይቷል፤ ፈርሟል ግን» አለ። ስብሰባው አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ እንኳ አልፈጀም። አምስት ሰዓት ላይ ውሳኔው ከነዘጠኙ ስሞች በር ላይ ተለጠፈ፤ አምስት ድጋፍ፣ ረግጠው የወጡት ተቆጥረው አራት ተቃውሞ። ስድስት ሰዓት ላይ አስከሬኑን የጫነው መኪና በዚያው በር ፊት ለፊት አለፈ።

እህቱ በአራተኛው ቀን ቢሮው መጣች። ጥቁር ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ከፊቱ ቆመች።

«እታለም፣ ተቀመጪ እስቲ።»

«ስልሳ ወንበር አስደርድሬ መጥቻለሁ፤ መቀመጫ አልቸገረኝም። የቸገረኝ የሚቀመጥበት ሰው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጎረቤት ደጄን አልረገጠም። ምን እንደሚሉ ታውቃለህ? 'እኛን ሸጦ ነው የሞተው' ይላሉ። መቃብሩ ላይ አፈር ያለበሱት ከሆስፒታል ያመጣው ሾፌርና አንተ ናችሁ።»

ጸሐፊው ማኅተሙን ወደ መሳቢያው ከተተ።

«ባሌ ሳይነጋ ነው የሞተው። አራት ሰዓት ላይ እጁን ያወጣው ማነው?»

«እታለም፣ ነገሩ እንዲህ...»

«እናታችን ስትሞት አምስት ዓመትህ ነበር። ይቺን እጅህን ይዤ ፊደል ያስጻፍኩህ እኔ ነኝ። ለዚህ ነው?» መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች።

መንገዱን ተሻግሮ መድኃኒት ቤቱ ገባ። ሽሮፕ ክኒን በማንኪያ እየገፋ ሁለት ሁለት አድርጎ ይቆጥራል።

«ጌታዬ፣ ያንን ቃለ ጉባኤ እናርመው። ሰውየው ሞቶ ነበር።»

«ነፍሱን ይማረው። ፈርሟል አይደል?»

«በዓመቱ መጀመሪያ ላይ!»

«የኔ ወንድም፣» አለ ሽሮፕ፤ ድምፁ ማር ነው፣ «አንዱን ካረምክ አሥራ አንድ ዓመቱን ልታርም ነው። ሐሰተኛ ሰነድ የሚያሳስረው ደግሞ የጻፈውን ነው። እኔ በእጄ የጻፍኩት አንዲት መስመር አለች? ይልቅ ለማክሰኞ አዘጋጅ። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነብቦ ይጸድቅና ለምርጫ ጽሕፈት ቤት ይላካል። አራቱ ረግጠው ባይወጡ እንኳ አራት ለአራት ነው፤ እኩል ከሆነ ሰብሳቢው ያለበት ያሸንፋል። ሰብሳቢው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ጸሐፊው ተመልሶ ወረቀት ዘረጋ። «የተገኙ አባላት» ብሎ ስምንት ስም ጻፈ። ቀና ሲል ዘጠኝ ናቸው። ዘጠነኛው የቀያሹ ስም ነው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ቀደደው። ሌላ ወረቀት አወጣ፣ እያንዳንዱን ስም ጮክ ብሎ እየጠራ ጻፈ። ስምንተኛውን ጽፎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዘጠነኛው ስም አለ። በሦስተኛው እስክሪብቶውን ቀየረ፣ በአራተኛው ጠረጴዛውን ቀየረ። የዚያን ቀን የተቀደደው ወረቀት የአንድ ትምህርት ቤት ልጆችን ዓመቱን ሙሉ ያስጽፍ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ከአዳራሹ የሰማው። ቋ። ቆይቶ፣ ቋ።

ሄዶ በሩን ከፈተ። የከሰዓት ፀሐይ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተኝታለች። ዘጠኝ ወንበር። ማንም የለም። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ ከኮሪደሩ ጫፍ ታየዋለች።

«አንቺ ነሽ ወንበር የምታንቀሳቅሺው?»

«እኔማ ከቀብሩ ወዲህ እዚያ ክፍል አልገባሁም። ደመወዜን ቢቆርጡ ይቁረጡ።»

የቀያሹን ወንበር በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ዕቃ ግምጃ ቤት ቆለፈበት። ማክሰኞ ጠዋት አዳራሹን ሲከፍት ከመስኮቱ ሦስተኛ ቦታው ላይ ነበር። ማን መለሰው ብሎ የጠየቀ የለም። ቁልፉ በኪሱ ነበር።

አራት ሰዓት ሆነ። ስምንቱም ተቀመጡ። እህቱ አነጋግራቸው ኖሮ አራቱ ረግጠው አልወጡም፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ጠረጴዛውን ይዘዋል። ከፓርቲው ወገን ሽሮፕ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ጡረተኛው መምህርና ዳቦ ጋጋሪዋ አሉ። ጸሐፊው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ቆሞ አነበበ። «አቶ ቀያሽ ሐሳቡን በመደገፍ እጃቸውን አውጥተዋል» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ እንደ ተበሳ ጎማ ተነፈሰ። ደገመው። ተቀመጠ።

«ይጽደቅ የምትሉ?» አለ ሽሮፕ። አራት እጅ ወጣ።

«አይጽደቅ የምትሉ?»

ሽሮፕ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...» ጣቱ አየር ላይ ቀረ። «አም...»

ሽሮፕ እንደገና ቆጠረ። ከንፈሩ ነጣ።

«አምስት» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ በሹክሹክታ።

ጸሐፊው አንገቱን ማዞር አልፈለገም፤ አንገቱ ግን ዞረ። ከመስኮቱ ሦስተኛው ወንበር ባዶ ነው። እጅ የለም፣ ሰው የለም። ታዲያ ሁሉም የሚያዩት ምንድን ነው? ቀስ ብሎ ገባው፤ የሚያዩት እሱን ነው። እስክሪብቶው መሬት ወድቋል። ቀኝ እጁ፣ አመልካች ጣቱ የአሥራ አንድ ዓመት ቀለም የጠጣው እጁ፣ ከራሱ በላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መቼ እንዳወጣው አያውቅም።

«አውርድ!» ሽሮፕ ጮኸ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ መረረ። «ጸሐፊ ድምፅ የለውም!»

ሊያወርደው ሞከረ፤ እውነቱን ነው። ክንዱ እምቢ አለው። የሆነ ሰው አንጓው ላይ ይዞ ፊደል እንደሚያስጽፈው ነበር።

«የኔ አይደለም» አለ። «የሱ ነው። እጁን እኔ ነኝ በሐሰት ያወጣሁለት። ያን ጠዋት ሞቶ ነበር። ከሞተ አራት ሰዓት አልፎት ነበር። በዋዜማው እዚህ መጥቶ እቃወማለሁ ብሎኝ ሄዷል። ይሄንንም፣ ያለፈውን ዓመትም፣ ከዚያ በፊት ያለውንም፣ ሁሉንም ሳትሰበሰቡ ነው የጻፍኩት። መሳቢያው ክፍት ነው።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ለድጋፍ ስታወጣው የነበረውን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ ሊጥ የነካው ይመስል። «እኔን ከድጋፉ ሰርዘኝ» አለች። «ባዶ ወረቀትም ከዛሬ በኋላ አልፈርምም።»

ሦስት ለአራት። ያኔ እጁ ወረደለት። እስክሪብቶውን ከመሬት አንሥቶ፣ ሰዎቹ እዚያው ፊቱ ተቀምጠው ሳሉ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያውን እውነተኛ ቃለ ጉባኤ ጻፈ። ጽሑፉ ያስጠላ ነበር፤ ፊደሎቹ ተንጋደው ተንጋደው የሰከረ ሰልፍ መስለዋል። የተገኙ አባላት፣ ስምንት። ሲጨርስ እስክሪብቶውን ከስምንተኛው ስም በታች አድርጎ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። በሩ ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ውሳኔ በገዛ እጁ ገንጥሎ፣ ለሁለት ቀዶ ኪሱ ከተተው።

ሽሮፕ «ነገ ጠዋት ፖሊስ ይዞህ ይሄዳል» አለው። ምናልባት ይዞት ይሄዳል። የዚያን ቀን ግን ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደ።

ወሬ ከእሱ ቀድሞ ወንዙን ተሻግሯል። የእህቱ ግቢ ሰው ሞልቶ፣ ስልሳው ወንበር አልበቃ ብሎ፣ ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እህቱ ጥግ ላይ ናት። አጠገቧ አንድ ወንበር ባዶ ትታለች፤ የቆመ ሁሉ ያየዋል፣ ማንም አይቀመጥበትም። ጸሐፊው ግን ይሰማዋል። ቋ። ቋ።

ቀስ ብሎ ተንበረከከ። የተቀደደውን ውሳኔ ከኪሱ አውጥቶ አጠፈው፣ ከባዶው ወንበር አጭር እግር ሥር ሰካው። ወንበሩ ዝም አለ።

እህቱ ዞር ብላ አላየችውም።

«አውጣው» አለችው። «ድምፁን ልስማበት።»