ያልታጠበው ናሙና

እናቴ ሀያት ፒያሳ ጨርቅ ትሸጣለች። እኔ ልጇ ዩኑስ ደግሞ ለማስተርስ ዲግሪዬ ሁለት ዓመት ሙሉ በዓይን የማይታይ ነገር ላይ በዓይን የማይታይ ነገር ሳጣብቅ ኖሬያለሁ። ፔፕታይድ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ውሃ ውስጥ ሲገቡ ማንም ሳያዛቸው ተያይዘው ቱቦ ይሠራሉ። ከእኔ የሚጠበቀው ቱቦው ላይ ስኳር የሚለይ ፕሮቲን ማጣበቅ ብቻ ነው፤ ከተሳካ አንድ ቀን የደም ስኳር የሚለካ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ መሣሪያ ይወጣዋል። ቱቦዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ። ሰነፉ እኔ ነኝ።

ረቡዕ ማይክሮስኮፑ ሥር ቱቦዎቹ አረንጓዴ አበሩ። አረንጓዴው ፕሮቲኑ የት እንዳለ እንዲያሳየኝ ያደረግኩበት ቀለም ነው። ዓርብ ፈታኞች ፊት እቀርባለሁ፤ ፕሮቲኑ ካልተጣበቀ ዘንድሮ ምረቃ የለም። ፎቶውን በስልኬ ይዤ በባጃጅ ወደ ፒያሳ በረርኩ።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። ሳይጠይቁኝ አስረዳኋቸው። ከፀጉር ሺህ ጊዜ የቀጠነ ነው አልኩ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ። እማ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን አቀረበችው፣ አራቀችው።

«ያምራል። ታጥቧል?»

«እማ፣ ይሄ እኮ ጨርቅ አይደለም።»

«እሱስ አይደለም። ግን ቀለሙ ይዞ ይሁን እንዲሁ ተቀምጦ በምን አወቅክ?»

ደንበኞቹ ዞረው አዩኝ። ስልኬን ከእጇ ተቀብዬ የተደወለልኝ መስዬ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ማጠብ እንዳለብኝ አውቃለሁ። መመሪያው «ሦስት ጊዜ እጠብ» ይላል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ነገ እላለሁ። በማግስቱ ጠዋት አጠብኩት። በመጀመሪያው እጥበት አረንጓዴው ሳሳ፣ በሁለተኛው ጠፋ። ሦስተኛውን ያጠብኩት በእልህ ነው። ቱቦዎቹ እንዳሉ አሉ፤ ፕሮቲኔ ግን ተጠግቷቸው ኖሯል እንጂ አልተጣበቀም።

ዓርብ ሁለት ፎቶ ይዤ ገባሁ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ጥቁር። አረንጓዴውን ብቻ ባሳይ ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ እጄም ወደ እሱ ሄዶ ነበር። ግን አንድ ሰው ተነሥቶ «ታጥቧል?» ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ። ሁለቱንም ጎን ለጎን አሳየሁ፤ የትኛው የታጠበ እንደሆነም ተናገርኩ።

አማካሪዬ ዶክተር ሂሩት ጥቁሩን ፎቶ ብዙ አዩት።

«ዩኑስ፣ እስከ ትናንት ለምን አላጠብከውም?»

ምክንያት ሞልቶኝ ነበር፤ የመብራት መጥፋት፣ የኬሚካል እጥረት። አንዱም ከአፌ አልወጣ አለ።

«እንዳይለቅ ብዬ ነው» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ዶክተር ሂሩት እስክሪብቷቸውን አንሥተው ምረቃዬን ለከርሞ አስተላለፉት። አፈርኩ፤ ደግሞም በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለኝ።