የትኛው ፎልደር ይቅደም

ኪንሲ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ኮምፒውተሮቹን ብቻዋን የምትይዝ ባለሙያ ናት። ከእሷ በፊት የነበሩት ጋሽ ጉግሳ ጡረታ ሲወጡ አንድ ጣጣ ትተውላት ሄዱ።

ኮምፒውተሩ ትእዛዝ ሲጻፍለት ፕሮግራሙን የሚፈልገው በተሰጠው የፎልደር ተራ ነው። መጀመሪያ ያገኘውን ያስነሳል፤ ሌላውን አያይም። ጋሽ ጉግሳ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያወጣ ፕሮግራም ሠርተው በራሳቸው ፎልደር አስቀምጠው፣ ሲስተሙ ይዞት ከመጣው የቀን ፕሮግራም ጋር አንድ ስም ሰጥተውታል። የእሳቸው ፎልደር ሲቀድም ጆንያው ላይ የሚፈለገው ቀን ይታተማል፤ የፋብሪካውን መረጃ ቅጂ የሚያስቀምጠው ባክአፕ ግን ዘመኑ ወደ ኋላ የሄደ ይመስለውና ይቆማል። የሲስተሙ ሲቀድም ባክአፑ ይሠራል፤ ጆንያው ላይ ግን የፈረንጅ ቀን ይወጣና ባለሱቆች አንረከብም ይላሉ።

ስለዚህ ኪንሲ ወፍጮው ሲነሳ የጋሽ ጉግሳን ፎልደር ታስቀድማለች፣ ሲቆም የሲስተሙን። የሚቆምበት ሰዓት አይታወቅም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዓለምሰገድ ተራውን ለመለወጥ የሚያስፈልገው የይለፍ ቃል ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ከልክለዋል። የጋሽ ጉግሳን ፕሮግራም ስም ለውጦ የተጠራበትን ቦታ ሁሉ ለማስተካከል ደግሞ ወፍጮው ሦስት ቀን መቆም አለበት፤ እሱንም እምቢ ብለዋል። ኪንሲ ሁለት ዓመት ሙሉ ከከተማው ወጥታ አታውቅም።

እህቷ ሙልኪ እሁድ ጅግጅጋ ልታገባ ሆነ። ኪንሲ ፈቃድ ጠየቀች።

«አንቺ ከሄድሽ ቀኑን ማን ይቀይርልናል?» አሉ አቶ ዓለምሰገድ። «በቪዲዮ እይው።»

ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ በባጃጅ ሳቢያን ሰፈር እሳቸው ቤት ሄደች። ጋሽ ጉግሳን በር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሳያቋርጡ ሰሟት። ለምን አንድ ስም እንደሰጡት ጠየቀቻቸው።

«ያለ እኔ እንዳይሆንላቸው ብዬ ነው» አሉ። «ከሥራ እንዳያስወጡኝ ፈርቼ። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት እኔም ከድሬ አልወጣሁም፤ አባቴ ሲቀበር እንኳ አልነበርኩም።»

ኪንሲ ተናደደች። ሳትሰናበታቸው ልትሄድ ተነስታ ነበር። እሳቸው ግን ገብተው አንድ ያረጀ ደብተር አምጥተው ሰጧት፤ ፕሮግራሙ የተጠራበት ቦታ ሁሉ ተጽፎበታል።

ዓርብ ጠዋት የሲስተሙን ፎልደር አስቀድማ፣ ከእንግዲህ ተራውን እንደማትለውጥ ለሥራ አስኪያጁ ጽፋ ሰጠች። አቶ ዓለምሰገድ ጮኹ፣ እንደሚያባርሯት ዛቱ። ጆንያዎቹ በፈረንጅ ቀን መውጣት ሲጀምሩ ግን ራሳቸው ወፍጮውን አስቆሙና፣ ስሙን ለውጠሽ ሳትጨርሺ ከግቢው አትወጪም አሏት።

ደብተሩን ይዛ ተቀመጠች። ቦታዎቹ ከመቶ በላይ ነበሩ። እሁድ ከሰዓት ሙልኪ ደወለች፤ ከጀርባዋ እልልታው ይሰማል። ኪንሲ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ስታለቅስ ገና አሥራ አራት ቦታ ይቀራት ነበር።

ሲመሽ ጨረሰች። ሁለቱም ፕሮግራሞች በየስማቸው ሠሩ፤ የሚቀየር ተራ አልነበረም። ሰኞ ማንንም ሳታስፈቅድ በመጀመሪያው መኪና ጅግጅጋ ሄደች። ስትደርስ የሠርጉ ድንኳን ተነቅሎ ነበር።