የአስጣይዋ የልጅ ልጅ

ሕጉ ሲነበብ ለጆሮ ደስ ይላል። «ማንም ሕፃን ከእናቱ ጡት በኃይል አይነጠቅም» ነው የሚለው። ያረቀቁት ሰዎች ይህችን መስመር ከጻፉ በኋላ እርስ በርስ ሳይጨባበጡ አልቀሩም። ሕፃኑ ራሱ ጡት የተወ ዕለት ግን የሁሉም ልጅ ይሆናል፤ የሁሉም ልጅ መሆን ደግሞ ከከተማው ዳር ወዳለው፣ ግንቡ ሰማይ ሊነካ ወደደረሰው የጋራ ቤት መግባት ነው። እዚያ ያድጋል፣ ይሠለጥናል፣ ወደተመደበበት ይሄዳል። «እማዬ» ብሎ ተመልሶ በር ያንኳኳ ልጅ እስካሁን አልታየም።

እናቶችም ቂል አልነበሩም። ጡት ማስጣል የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርገው ተዉት። ጥርሱን ሞልቶ፣ ሰፈሩን በሩጫ የሚያተራምሰው፣ ጎረቤት የሚሳደበው ሁሉ ሲርበው እናቱ ጉያ ውስጥ ገብቶ ይጠባ ጀመር። ልጆቹን የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ይህን ሲያይ ጊዜ አላጠፋም፤ አስጣይ የሚባሉ ሴቶችን ቀጠረ።

አስጣይ ቦርሳዋን አንግታ ከተቆጣጣሪ ጋር ትመጣለች። የእናትየዋን ጡት በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ታጥባለች፤ ማር ቀብተው የሚጠብቁ እናቶች ስላሉ ነው። ከዚያ ከትንሿ ጠርሙስ የእሬት ጭማቂ ታንጠባጥብበታለች። የእሬትን ምሬት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ምላስ ላይ ይከርማል። ልጁ ጎርሶ፣ ተፍቶ፣ ፊቱን ካዞረ «ራሱ ተወ» ይባልና ተቆጣጣሪው አቅፎት ይወጣል። ምሬቱን ችሎ ከጠባ ለአንድ ዓመት የሚነካው የለም። ማንም በኃይል አልነጠቀ፣ ሕግ አልተጣሰ፣ ሁሉም በሰላም ወደ ሥራው ይሄዳል።

ይህ ታሪክ የአንዲት አንጋፋ አስጣይ ታሪክ ነው። ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል «እሬቷ»። ወደ ሥራው የገባችው የራሷን ልጅ እያጠባች ሳለ ነበር። ማስታወቂያው ከግርጌው፣ በደቃቅ ፊደል፣ «የአስጣይ ልጅ ከእናቱ ጋር ይኖራል» ይል ነበር። ይህን አነበበች። በማግስቱ ሄዳ ተቀጠረች። ክፉ ሴት ናት ለማለት የሚቸኩል ሰው ካለ መጀመሪያ የራሱን ልጅ አቅፎ ያስብበት።

ሴት ልጇ በዚህ ዓይነት እቤቷ ቀረች። ሰፈር ውስጥ ግን ብቻዋን ነበረች። የገመዱን አንድ ጫፍ ከበሩ እጀታ ጋር አሥራ፣ ሌላውን እናቷ እያዞረችላት ትዘላለች። የጎረቤት ሴቶች በመስኮት ያዩዋትና መጋረጃቸውን ይስባሉ። እንዲህ አደገች፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጠረች፣ አገባች። ባሏ ሩቅ ቦታ ተመድቦ በሄደ ማግስት ወንድ ልጅ ወለደች። ጉንጩ ዓይኑን ሊሸፍን የደረሰ፣ ክንዱ በክር የታሠረ የሚመስል ወፍራም ነበርና ድንቡሼ አሉት።

አስጣይዋ ልጁ ከመወለዱም በፊት አለቃዋ ዘንድ ገብታ ነበር። አለቃው ትሑት ሰው ነው፤ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ነው የተቀበላት።

«እትዬ፣ ሕጉ ‹የአስጣይ ልጅ› ነው የሚለው። የልጅ ልጅ አይልም። እኔ ከየት አመጣዋለሁ?» አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ክፍት ቦታ አለን። ልጅሽ ትምጣና ትቀጠር። የእናቷን እጅ የወረሰች እንደሆነ ከእሷ የተሻለ አናገኝም» አለ።

ይህንኑ ይዛ ወደ ልጇ በረረች። ልጇ የሰው አንሶላ እየተኮሰች ነበር፤ ካውያውን አላስቀመጠችም።

«እማዬ፣ አንቺ ያደረግሽውን እንዳደርግ ነው የምትፈልጊው?»

«ልጅሽ እንዲቀርልሽ ነው የምፈልገው።»

«እኔ ቀረሁልሽ አይደል? እስቲ አብሬው የተጫወትኩት አንድ ልጅ ጥሪልኝ። አንድ።»

የሚጠሩት ልጆች ሁሉ በአስጣይዋ እጅ ያለፉ ነበሩ።

«የሰው ልጅ እያስወሰድኩ የራሴን አላሳድግም» አለች ልጇ። «ይልቅ ሌላ መላ ካለሽ አምጪ፤ ሥራውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

መላውን ያመጣችው ከዚያው ከሥራዋ ነው። በስንት ዘመን አንዴ፣ እሬቱን ምንም ሳይመስለው ሙጥጥ አድርጎ የሚጠባ ልጅ ያጋጥማት ነበር። አንዷን እናት ስትጠይቃት፣ ታማ መራራ መድኃኒት ደረቷን ስትቀባ መክረሟን ነገረቻት። ነገሩ ያኔ ብዙም አልከነከናትም ነበር። አሁን ግን አእምሮዋ ውስጥ ተቀምጦ አልወጣ አለ። ሕፃን የለመደውን ነው የሚወደው። እንግዲያው ምሬቱን ከአሁኑ ይልመደው።

ጀመሩ። በመጀመሪያ በአንድ ማንኪያ ውሃ አንዲት ጠብታ በጥብጠው የእናቱን ጡት ቀቡ። ድንቡሼ ተንሰፈሰፈ፣ ተፋ፣ እሪ አለ። እናቱም አብራው አለቀሰች። የሌሎች ልጆች ለቅሶ ሲዘንብባት ዓይኗን የማታረጥበው አስጣይ ጓሮ ወጥታ ጆሮዋን ደፍና ቆመች። ግን አላቋረጡም። ውሃው እየቀነሰ፣ ጠብታው እየበዛ ሄደ። ልጁም ለመደ። ኋላማ አያቱ ከሽርጧ ኪስ ጠርሙሷን ስታወጣ ሲያይ እግሩን እያወራጨ ይስቅ ጀመር። አንድ ቀን እናቱ ቸኩላ ሳትቀባ ብታቀርብለት ፊቱን አኮሳትሮ እንደ ትልቅ ሰው ገላመጣት። ሁለቱ ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከተወለደ ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቀው አያውቁም። ማሰብ የነበረባቸው ያኔ ነበር፤ ግን ሳቅ ብርቃቸው ነበርና አላሰቡም።

የድንቡሼ ተራ ሲደርስ ዘመድ ዘመዱን አያስጥልምና ሥራው ለሌላ አስጣይ ተሰጠ። ይህችኛዋ ወጣት ናት፤ በረባ ባልረባው ስለምትስቅ ሳቂታዋ ይሏታል። እሷም እንደ ሌሎቹ ለልጇ ብላ የገባች ናት፤ የፊት ጥርሶቹ የወላለቁ፣ ማታ ማታ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ የሚጠብቃት ልጅ አላት። ገና ጀማሪ ሳለች ከእሬቷ ጋር በሄደችበት አንድ ቤት፣ ተቆጣጣሪው ደጅ ሳለ፣ ጠርሙሷን ከፍታ ስታበቃ እጇ አልታዘዝ ብሏት መሬት ተቀምጣ አልቅሳ ነበር። እሬቷ ከእጇ ተቀብላ ሥራውን ጨረሰችላት፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ያ ቢሰማ ሳቂታዋ ትባረር፣ ልጇም በዚያው ዕለት ይወሰድ ነበር። ደንቡ እንዲያ ነው።

ጠርሙስ በሚሞላበት ጓዳ ውስጥ ተገናኙ። የአለቃው በር ገርበብ ብሏል።

«እትዬ፣ ልጅሽ ቤት የተመደብኩት እኔ ነኝ» አለች ሳቂታዋ በሹክሹክታ።

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ላድርግልሽ?»

አስጣይዋ እውነቱን ልትነግራት ቃሉ አፏ ድረስ መጣ። ግን ምስጢር አፍ ከወጣ ወዲያ የማን እንደሚሆን አይታወቅም፤ እሷ ደግሞ ዕድሜዋን በሙሉ ማንንም ሳታምን ነው የኖረችው። በሩን በዓይኗ አሳየቻትና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ምንም አታድርጊልኝ። እንደ ማንም ሰው ልጅ ነው። እንዲያውም አጥብቀሽ ቅቢው፣ እንዳታቀጥኚው።»

ይህን ስትል እንባዋ ዓይኗን ሞላው። ሳቂታዋ እንባውን አየች፣ ገርበብ ያለውንም በር አየች። እጇን ጨበጥ አደረገቻትና «ገብቶኛል» አለች።

ቀኑ ደረሰ። ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ተጠርጎ ነበር፤ ለማን እንደተጠረገ እንጃ። ተቆጣጣሪው ጉንፋን የያዘው ሰው ነው፤ መሀረቡን ከአፍንጫው ሳያነሳ በሩ አጠገብ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። አስጣይዋ ጥግ ላይ ቆመች። አልፈራችም። ድንቡሼ ሳምንቱን በሙሉ ሙሉውን እሬት፣ ያለ አንዲት ጠብታ ውሃ፣ ሲጠባ ከርሟል። ልጇም ቀና ብላ አየቻትና በዓይኗ ፈገግ አለች።

ሳቂታዋ ውሃውን አቀረበች፣ ሳሙናውን አረፋ እስኪያወጣ አሸች፣ አጠበች፣ አደረቀች። ጠርሙሷን ከፈተች። ቡናማው ፈሳሽ ተንጠባጠበ። ድንቡሼ ርቦት ነበርና ተንደርድሮ ጎረሰ።

አንዴ ሳበ። ደገመ። ከዚያ ለቀቀው። ጡቱን አየ፣ ቀና ብሎ የእናቱን ፊት አየ፣ እንደገና ጡቱን አየ። ሌላኛውን ሞከረ፤ እሱንም ለቀቀ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

«ጥባ የኔ ጌታ፣ ጥባ እንጂ፤ እኔ ነኝ እኮ» አለች እናቱ።

ልጁ ጀርባውን ለጠጠና ፊቱን ከእሷ አዞረ። ሁለት እጆቹን ጥግ ላይ ወደቆመችው አያቱ፣ ወደ ሽርጧ ኪስ ዘረጋ። ያን ጊዜ ነው ሽታው የደረሳት። እሬት አይደለም። የተቃጠለ ስኳር ነው፤ ቡናማ እስኪሆን አቅልጠው ውሃ ሲያፈሱበት በመልኩ ከእሬት የማይለይ። ጉንፋናሙ ሰውዬ ምንም አይሸተውም። ሳቂታዋ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ፊቷ ፍም መስሎ፣ ይህ ጣፋጭ ነገር ለምን እንዳልተጠባ አልገባትም።

አስጣይዋ አፏን ከፈተች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀራት። «ቅመሰው» ብትል ሰውዬው ይቀምሳል፤ እውነተኛው እሬት ይቀባል፤ ድንቡሼም ሙጥጥ አድርጎ ይጠባና በእናቱ ጭን ላይ ይተኛል። ዛሬ ማታ ደግሞ አንድ የፊት ጥርስ የሌለው ልጅ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ እናቱን ሲጠብቅ ያፍሱታል። እንዲህ ያለውን ሒሳብ ስትሠራ ነው የኖረችው፤ ሁልጊዜም የሚወጣው መልስ አንድ ነበር። የሳቂታዋን አንገት አየች፤ ላብ አጥምቆታል። ለእሷ ብላ ነው ልጇን አሲዛ እዚህ የተንበረከከችው።

አፏን ዘጋች።

«ራሱ ተወ» አለ ተቆጣጣሪው፣ አፍንጫውን ጠርጎ እየተነሳ።

እነሱ ድንቡሼን ይዘው ከወጡ በኋላ እናትየዋ እንደተቀመጠች ቀረች። ቁልፏን እንኳ አልቆለፈችም። ቆይታ ጣቷን ደረቷ ላይ አሳርፋ ወደ አፏ ወሰደችው።

«ስኳር ነው» አለች።

አስጣይዋ የመታጠቢያውን ውሃ ልትደፋ አነሳች።

«እማዬ፣ ስኳር ነው እኮ! አውቀሽ ነበር?»

«ሸቶኛል።»

«እና ለምን አልተናገርሽም?»

«ልጅ አላት» አለች አስጣይዋ።

የሰው ልጅ እያስወሰድኩ የራሴን አላሳድግም ያለችው ልጇ ራሷ ነበረች፤ አሁን ግን ያን ቃል ከየት ታምጣው። ድምፅዋ እንደ ትንሽ ልጅ ቀጠነ።

«እኔስ?» አለች። «እኔስ እማዬ፣ የለኝም?»

አስጣይዋ ልታቅፋት እጇን ብትዘረጋ ልጇ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ እንጂ አልተነጋገሩም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሳቂታዋ አስጣይዋን መንገድ ላይ ጠብቃ አገኘቻት። ሳቅ የሚባል ከፊቷ ጠፍቷል። «እትዬ፣ ለአንቺ ብዬ ስኳር ነበር የቀባሁለት። ስኳር የሚጠላ ልጅ በሕይወቴ አላየሁም። አሁን ደግሞ እዚያ ወተቱን አልቀምስም ብሏል አሉ፤ ክስት ብሏል» ብላ አለቀሰች። አስጣይዋ ሁሉንም ልትነግራት ትችል ነበር። ይህችኛዋ ዕድሜ ልኳን ተሸክማው ብትኖር ግን ለማን ይበጃል? «ደግ ነው ያደረግሽው፣ ልጅሽ እንዳይጠብቅሽ ሂጂ» አለቻትና ተለየቻት።

ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ጠርሙሷን ይዛ ወደ ጋራ ቤቱ ሄደች፣ የብረቱን በር ደበደበች። ልጆቹን የምታበላዋ መጋቢ በትንሿ መስኮት ብቅ አለች፤ ነጭ ሽርጥ ያደረገች ጠንካራ ሴት ናት።

«ጉንጨ ትልቁን፣ አዲሱን ልጅ ታውቂዋለሽ?» አለች አስጣይዋ። «ወተቱ ላይ ከዚህ አንዲት ጠብታ አድርጊለት። ካልመረረው አይጠጣም። እግርሽ ሥር ልውደቅ።»

መጋቢዋ ጠርሙሷን ተቀብላ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ከዚያ የአስጣይዋን ፊት ትኩር ብላ አየች።

«እሬቷ!» አለች። «የኔን ልጅ የወሰድሽው በዚህ ነው። እንዲህ ተንበርክከሽ፣ ‹አይዞሽ እህቴ› እያልሽኝ። እዚህ ገብተውም አይተርፉሽም?»

«እውነቴን ነው፣ ለምዶት ነው። ይርበዋል፤ እባክሽን…»

ማን ያምናታል? መጋቢዋ ጠርሙሷን በመስኮቱ አውጥታ እስከ መጨረሻው ጠብታ መሬት ላይ አፈሰሰችው፤ መስኮቱንም ዘጋች።

ከግንቡ ወዲያ ብዙ ልጆች ያለቅሱ ነበር። አስጣይዋ ድንቡሼን ለመለየት ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጠፈች። የቱ እንደሆነ ግን መለየት አቃታት፤ የሰማችው ለቅሶ ሁሉ በየቤቱ ስትሰማው የኖረችው ነበር።