ወደ ኋላ የዋኘው ዓሣ

ዘይነት ሹም አቦ ሰፈር የተከራየቻት ክፍል ግድግዳዋ ሁሉ የመብራት ገመድ ነው። ጥቃቅኖቹን የኤልኢዲ አምፖሎች የምታዝዘው በላፕቶፕዋ ነበር፤ ያውም የሚነካ ሥዕል በሌለው፣ ጥቁር ገጽ ላይ ትዕዛዝ ጽፈው ኤንተር በሚጫኑበት ፕሮግራም። ቃላቱን ራሷ ነች በአማርኛ ያወጣችላቸው። «ማዕበል» ብላ ስትጽፍ መብራቱ ይንከባለላል፤ «ካፊያ» ስትል ይንጠባጠባል።

በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አብራት የተማረችው ርሆቦት ልትዳር ሳምንት ሲቀራት መጣች።

«ወደ ሠርጌ በጀልባ ነው የምገባው» አለቻት። «አያቴ ግን ዓይናቸው ደክሟል። የሰው ፊት አይለዩም፤ ብርሃን ግን ያያሉ። ስመጣ እንዲያዩኝ አድርጊልኝ።»

አያቷ አባባ ወልደ ጻድቅ ጣና ላይ አርባ ዓመት ጀልባ የነዱ ሰው ናቸው። ዘይነት አሰበች፣ አሰበችና በሙሽሮቹ ጀልባ ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዋኝ ዓሣ ለመሥራት ቆረጠች። አምስት ቀን ሙሉ ከላፕቶፕዋ አልተነሣችም።

የሠርጉ ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ገመዱ ታስሮ፣ ሙሽሮቹ ተሳፍረው፣ ጀልባዋ ዳርቻውን ይዛ ተጓዘች። ዘይነት ከሙሽሮቹ ኋላ ተቀምጣ ትዕዛዙን ጻፈች። ዓሣው በራ። በጎን በምትከተለው ጀልባ ያሉት ሚዜዎች ግን በሳቅ ፈረሱ፤ ጀልባዋ ወደ ፊት ስትሄድ ዓሣው ፊቱን አዙሮ ወደ ኋላ ይዋኛል።

«ይኼ አምባዛ ከሠርግ እየሸሸ ነው» አለ አምሐ የሚባለው ሚዜ።

ዘይነት በጀልባዋ ጎን ጎንበስ ብላ አየች። ገመዱ ከፊት መጀመር ሲገባው ከኋላ ጀምሮ ታስሯል። ፈትቶ ለማሰር ጊዜ የለም፤ የሠርገኛው ነጭ ልብስ ከዳር እየታየ ነው። ከትዕዛዙ መጨረሻ ላይ «ገልብጥ» የምትል አንዲት ቃል ጨመረች። ሽማግሌው እንዳያመልጣቸው ብላ «በዝግታ» አለችበትና ኤንተርን ተጫነች።

ዓሣው ዞረ።

አባባ ወልደ ጻድቅ ውኃው ጫፍ ቆመው ፊታቸውን ያዞሩት ሆታው ወደሚሰማበት ወደ ሚዜዎቹ ጀልባ ነበር። ዓሣውን አላዩትም። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩ። በትራቸውን አነሡና ከዓሣው እኩል በዳርቻው መራመድ ጀመሩ።

«ልጄ መጣች» አሉ። ወዲያው ድምፃቸው ጠነከረ፤ «አንተ ነጂ፣ ወደ ግራ በል። እዚያ ጋ ድንጋይ አለ።»

ነጂው እንደ ሕፃን ታዘዘ። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት።

ርሆቦት ወርዳ ጉልበታቸውን ከሳመች በኋላ ዘይነትን ጠሯት።

«አርባ ዓመት ነዳሁ፤ እንዲህ ያለ ዓሣ አላየሁም። በምን ታዢዋለሽ?»

ጣታቸውን ይዛ ኤንተር ላይ አሳረፈችላቸው። «ይጫኑት፣ አባባ።»

ዓሣው ከጀልባዋ ጭራ ተነሥቶ እስከ አፍንጫዋ ዋኘ። ደግመው ተጫኑት። ለራት ሦስት ጊዜ ተጠርተው ነው ከላፕቶፑ የተነሡት።